ሾፌር አልተገኘም

ሰንበት ወጣ። ኮከብ ቆጠርኩ በረንዳ ላይ ቆሜ፤
ሦስተኛው የቺፕ ፋብሪካው መብራት ነበርና፣ ደግሜ
ቆጠርኩ።
ቂርያት ጋት ላይ የሐምሌ ሌሊት አይበርድም፤
ቬንትሌተሩ ይዞራል እንጂ ንፋስ አይወልድም።
አሮጌው ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ፣ ሆዱ ተከፍቶ፣
ሐኪም እንደሚጠብቅ በሽተኛ በጎኑ ተኝቶ።

ሳጥኑን ጥር ላይ ከቆሻሻ ገንዳው ጥግ አነሣሁት፤
እንደ አጫሽ ጥርስ ወይቧል፤ ዝናብ ሳይቀድመኝ ደረስኩለት።
ካርዱን ግን በገንዘቤ፣ ከያፎ ቁንጫ ገበያ፣
ከሌንስ አልባ መነጽርና ከዛገ ሜዳልያ
መሃል፣ በስልሳ ሼቄል። «ምንድነው?» ሲል ሻጩ ጠየቀኝ፤
ትከሻዬን ነቀነቅኩ፣ ዋጋው እንዳይጨምርብኝ።

ነገሩ የቆየ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን፣
አንዱን ኮምፒውተር ለአርባ ልጅ፣ ሩብ ሩብ ሰዓት ተካፍለን፣
ጨዋታው ውስጥ ወንዝ ነበረ፤ ግራጫ፣ የደረቀ ሲሚንቶ።
ወሬውን ያመጣው ይርጋ ነው፣ ሐይፋ አክስቱ ዘንድ ከርሞ መጥቶ፦
«ካርድ ያለው ላይ ውሃው ውሃ ነው! እስከ ሥሩ ያሳያል፤
ዓሣው ሁሉ ይታያል።»
እኛ የምናውቀው ካርድ የክሊኒክ ነው፣ የአውቶቡስ ነው፤
ውሃ የሚያጠራ ካርድ የት ይሸጣል? በስንት ነው?

ሰካሁት። ቀጭ አለ። ማብሪያውን ተጫንኩ።
አንድ ረጅም ጩኸት፣ ሁለት አጭር። ስክሪኑ ጨለማ። ጠበቅኩ።
አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

ሳልጠራው ሰምዮን ወረደ በነጠላ ጫማ፣
የካርኮቩ ጡረተኛ፣ ጩኸቱን ከላይ ፎቅ የሰማ፣
ብሎን በማርማላታ ጠርሙስ የሚያከማች።
ዕብራይስጡ እንደ እኔው ያነክሳል፤ ማሽን ሲናገር ግን ይሰማል፦
«ዓይኔን አጣሁት ይልሃል። ላጲስ ይኖርሃል?»

የልጄን የሆዳያን ቦርሳ በርብሬ ላጲስ አመጣሁ፤
በካርዱ ጠርዝ የተደረደሩትን ጥርሶች ፈግፍጌ ጥቀርሻ አወጣሁ፤
የስንት ሰው ላብ፣ የስንት ዓመት አቧራ፤ ከሥሩ ቢጫ ብልጭታ።
ሰምና ወርቅ ሲባል የቃል ጨዋታ
ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ በእጅም ይፈታል፤
የሁለተኛ ክፍል ላጲስ ይበቃል።

እንደገና። አንድ አጭር ጩኸት ብቻ። ፊደል መጣ፤
ከጥቁሩ ውስጥ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሳጥን ወጣ፦
«ሾፌር አልተገኘም።»

እኔ? አሥራ ስምንት ዓመት መሪ የጨበጥኩት?
ንጋት ንጋት የፋብሪካውን ሠራተኛ በሩ ላይ የማወርደው፣
አንድ ቀን እንኳ ሳልቀር? የት ሄጄ ነው የማልገኘው?
ቀልዱን ለሰምዮን በአንካሳ ዕብራይስጥ አስረዳሁት፤ አልሳቀም።
ሲዲውን በጥርስ ሳሙና እያሸ ነበር፤ ጭረቱ ቶሎ አልለቀቀም።

በሦስተኛው ሙከራ ተነበበ። ሾፌሩ ቦታውን ያዘ።
የመኪና እሽቅድምድም አልከፈትኩም፤ ተኩስም። ወንዙን ነው።
ሲሚንቶው ቀለጠ።
ውሃው ውሃ ሆነ፤ ደመናው ላዩ ላይ ተንሳፈፈ፤
ከሥሩ አንድ ጠጠር፣ ያው ጠጠር፣ ዳር እስከ ዳር የተነጠፈ።
ዓሣ የለም።

ሰምዮን ሙቀቱን በጣቱ ለካ፤ «አልጋለም» ብሎ ወጣ።
እኩለ ሌሊት አልፏል። ቤርሼባ፣ ለይርጋ ደወልኩ።
«ዓሣ የለም» አልኩት።
ዝም አለ። የሚስቱ ድምፅ፤ የበር መከፈት።
ስለ ምን እንደማወራ አልጠየቀኝም።
«ከድልድዩ ሥር አይተሃል?» አለኝ።

መሪ የለም፣ ፍሬን የለም። በቀስት ቁልፍ፣ ቀስ እያልኩ፣
ወደ ድልድዩ ታጠፍኩ።